ታኒ ዎራስ

«ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም? ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?»

ይህን ጥያቄ ለሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ወላይትኛ ስመልስ ኖሬያለሁ። ሥራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነበር። ዳኞቹ ከፍ ካለው መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ወገን፣ ተከሳሹ በሌላው፤ እኔ መሐል ላይ እቆማለሁ። የትውልድ ቀዬዬ ቦምቤ ነው። ከአረካ ወዲያ፣ ወደ ኦሞ ወንዝ በሚያቆለቁለው አገር፣ እንሰትና ዝንጅብል በአንድ ጓሮ በሚበቅልበት። ከዚያ የሚመጣ ሰው ነፍስ አጥፍቶ ሲከሰስ ጉዳዩ በወረዳ አያልቅም፤ እኔ ወደምሠራበት ወደ ሶዶ ከተማ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የአገሬን ሰው ብዙውን ጊዜ ያገኘሁት በሠርግ ወይም በለቅሶ ሳይሆን በዚያ ቦታ፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ ነው። እርሱ እኔን ሲያይ ፊቱ ይፈታል። «ቋንቋዬን የሚያውቅ ሰው አለ» ይላል በልቡ። ያ የፊቱ መፍታት ዛሬም ይከብደኛል፤ ቋንቋውን አውቃለሁና፣ ጥያቄውን ግን በትክክል ልመልስለት የቻልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ችግሩ ያለው «ጥፋተኛ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህችን ቃል ሳያስብባት ይጠቀማታል። «ጠፋ» ከሚለው ግሥ የወጣች ናት። በግ ይጠፋል፣ መንገድ ይጠፋል፣ ስም ይጠፋል። «አጠፋ» ሲባል ደግሞ ኩራዝ እፍ ብሎ ማጥፋትም፣ ገንዘብ መጨረስም፣ ልጅ ወተት ደፍቶ እናቱን ማስቆጣትም፣ ሰው መግደልም አንድ ላይ አሉበት። «ልጁ አጥፍቷል፣ ይቅር በሉት» የሚል ጎረቤትና «ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው» የሚል ዳኛ ቃላቸው አንድ ነው፤ የሚከተለው ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ በቁንጥጫ ያልቃል፣ ሌላው በሃያ ዓመት ጽኑ እስራት።

«ወንጀል» ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ወተት ደፍቶ ወንጀለኛ አይባልም። ቃሉ የመንግሥት ጠረን አለው። ከዚሁ ቃል ጋር የሚሄደው «ወነጀለ» የሚለው ግሥ የሚሠራው የከሳሹን ሥራ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። «ወነጀለኝ» ያለ ሰው «ያላደረግሁትን አደረግህ አለኝ» ማለቱ ነው። በዳዩን ሳይሆን ጣት ቀሳሪውን የሚያሳይ ግሥ። ያረጀ ትዝብት ያለበት ይመስለኛል፤ መንግሥት ባለበት ቦታ ጣት መቀሰርና ማድረግ እንደሚቀላቀሉ የሚያውቅ ሕዝብ ትዝብት።

ቦምቤ ባደግሁበት ቤት ግን ከሁለቱም በፊት የሰማሁት ቃል «ጎሜ» ነው።

አባቴ ጪማ ነበር። ጪማ በወላይትኛ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ዕድሜው ብቻ ሳይሆን ነገር የሚያዳምጥ፣ ሰው አምኖ ጠብ የሚያመጣለት ሰው። ማታ ማታ ቤታችን ሰዎች ይመጣሉ። ድንበር የተገፋበት፣ ከብቱ የተጎዳበት፣ ከወንድሙ ጋር ዓመት ሙሉ ያልተነጋገረ። አባቴ ጆሮውን ሰጥቶ ከሰማ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ይህ ጎሜ ነው። የማን ነው?» አልነበረም የሚለው «ማን ጥፋተኛ ነው?»። ጎሜ የሚያዝ ነገር ነው። ሰው ላይ ያርፋል። በሐሰት የማለ፣ አባቱን የናቀ፣ የሰው ድንበር የነቀለ፣ ደም ያፈሰሰ፣ ሁሉም ጎሜ ያዘው ይባላል። ተደብቆ የቆየ እንደሆነ ከባለቤቱ አልፎ ልጁን ያሳምማል፣ ላሚቱን ያመክናል፣ ማሳውን ያደርቃል። ይህ የወላይታ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቻችን ጋሞዎች፣ ጎፋዎችና ዳውሮዎችም ያውቁታል፤ ስለ ጋሞ ባህል የጻፉ የውጭ አገር ተመራማሪዎችም ብዙ ገጽ ሰጥተውታል።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መናገር። ባለቤቱ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ በጪማዎች ፊት ያወጣዋል። ካላወጣው ማንም ሊያወጣለት አይችልም። አባቴ አንድን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀው አይቻለሁ። ሰውየው ምን እንዳደረገ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። አባቴም ያውቃል። ግን አይነግረውም፤ እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቦይናው (ጎደሬው) እያወራ ይጠብቃል። ሊነጋ ሲል ሰውየው ተናገረ። ያን ጊዜ ነው አባቴ ተነሥቶ ውሃ የሰጠው።

ይህን የምጽፈው የቀደመውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ጎሜ ያስፈራል። ልጅ የሞተባት እናት «ምን ደብቀሽ ነው?» ተብላ ስትጠየቅም አይቻለሁ፤ ምንም ያልደበቀች ሴት። ስለዚህ ጎሜ ከሕግ ይሻላል አልልም። የምለው፣ ከቦምቤ ሶዶ የሚመጣ ተከሳሽ ይህን ቃል ይዞ ይመጣል፣ ፍርድ ቤቱም ሌላ ቃል ይዞ ይጠብቀዋል፣ በመሐከላቸው ደግሞ እኔ ቆሜ ነበር ነው።

የወላይታን ምድር የራሷ ካዎዎች፣ ማለትም ነገሥታት፣ ይገዟት በነበረ ጊዜ ሁለቱ አይለያዩም ነበር፤ ፍርድና ልማድ በአንድ ቋንቋ ይነገራሉ። በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘምተው ካዎ ጦናን ድል ካደረጉና ከማረኩ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዳኝነት በአማርኛ መጣ። የቋንቋውን ጓዳ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዛሬም ይታያል። ወላይትኛ ዳኛን «ዳና» ይለዋል፣ ፍርድን «ፒርዳ»፤ እዚህ ላይ የእኛ አፍ «ፈ»ን ወደ «ፐ» አዙሯት ነው። ፍርድ ቤቱ «ፒርዳ ኬታ» ነው፤ ኬታ ቤት ማለት ነው። ቤቱ የራሳችን፣ ፍርዱ ከመንገድ የመጣ። እስር ቤት ግን «ቃሾ ኬታ» ሆኖ ቀርቷል፤ ቃሾ እንደ አማርኛው «እስር» መታሰር፣ መቋጠር ነው። ለበደል፣ ለይቅርታ፣ ለደም ያሉን ቃላት የራሳችን ናቸው። ይቅርታ ማድረግ «አቶ ጊያ» ይባላል፤ «ይቅር» ማለት። አማርኛም ወላይትኛም ምሕረትን የሚሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ነገሩን «ይቅር» ይሉታል፣ ሁለቱም «ማለት» ይጨምሩበታል። በአፍ ካልተባለ አልተደረገም። ይህን ያስተዋልኩ ቀን ደስ ብሎኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ።

ከማዕከል ከመጡት የፍርድ ልማዶች አንዱ አፈርሳታ ነበር፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ሌብነት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ያደረገው ሰው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ስም እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ላም ሳትታለብ፣ ማሳ ሳይታረም ይቀመጣል፤ ስለዚህ ነገሩ በረሃብ ጭምር ይገፋል። ያየውን በምሥጢር ለሽማግሌዎቹ የሚያቀብለው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ያ ዘዴ ብዙ ጊዜ ሠርቷል፣ ብዙ ጊዜም ንጹሕ ሰው በልቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከአባቴ ቤት ጋር ሳነጻጽረው ነው። በአፈርሳታ ጥፋትን የሚያወጣው ወፉ ነው፤ ማንነቱ የማይታወቅ ሦስተኛ ሰው። በጎሜ ግን የሚያወጣው ራሱ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ በወፍ የወጣ ጎሜ አልወጣም። የአማርኛው መንገድ እውነትን ፍለጋ ሄደ። የእኛው ሰውየውን ፍለጋ።

ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ ሦስተኛ መንገድ ይዞ መጣ። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊዘርላንድ ሰው፣ የጄኔቫ የሕግ ሊቅ፣ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሕግ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ። ቦምቤ ላይ ሰው ሲገድል የሚዳኝበት ቃል እንግዲህ ከጄኔቫ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ ተጽፎ፣ አዲስ አበባ ላይ አማርኛ ሆኖ፣ ሶዶ ደርሶ፣ በመጨረሻ በእኔ አፍ ወላይትኛ ይሆናል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ አንድ ነገር ተሸክሞ መጥቷል፤ ድርጊትና ጥፋት ሁለት ናቸው የሚለውን። ሰው አንድን ነገር በእጁ ሊያደርገው ይችላል፣ በሕግ ፊት ግን ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። ጥፋተኛ የሚሆነው አስቦ ሲያደርገው ወይም ማሰብ ሲገባው በቸልታ ሲያደርገው ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕግም በአንቀጽ 57፣ 58 እና 59 የሚያስቀምጠው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሶዶ ችሎት ውስጥ በጠበቆች አፍ በየቀኑ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ነገር ግን ጥፋተኛ አይደለሁም»። ሕግ ለተማረ ሰው ይህ ንጹሕ ንግግር ነው። ለአባቴ ግን ሐፍረት የለሽ ንግግር ነው። «አድርጌያለሁ፣ ግን የኔ አይደለም» ማለት ነው። ጎሜውን ከትከሻው አውርዶ ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው። ከቦምቤ የመጣ ገበሬ ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ጠበቃው ሲመክረው ፊቱ ሲጠቁር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «እንዴት እንዲህ ብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ?» ይላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ተከሳሽ ለክሱ የሚሰጠው መልስ በአማርኛ «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ያደረገውን የተቀበለ «አመነ»፣ ያልተቀበለ «ካደ»። እነዚህ ሁለት ቃላት ወላይታ ውስጥ በሌላ በር ቀድመው ገብተዋል፤ በቤተ ክርስቲያን። በ1929 ዓ.ም. ጣልያኖች የውጭ ሚስዮናውያንን ከሶዶ ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከአማኞቹ እነ ዋንዳሮ ዳባሮ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የአማኙ ቁጥር በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው። ያን ዘመን የሚያውቅ የወላይታ ሰው «መካድ» ሲባል የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ አምላክን መካድ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት በመሬት ክርክር የተነሣ በማታለል ተከሰው ቀረቡ። ወጣት ዳኛ «ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ?» አለ። እኔም ቃል በቃል መለስኩላቸው፤ «አማና» እና «ካዳ» ብዬ፣ እኛም ከአማርኛ የወሰድናቸውን ቃላት። አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «እስከ ሞቴ አልክድም፣ አምናለሁ» አሉ። መዝገቡ ላይ ሊጻፍ የነበረው «ተከሳሽ ድርጊቱን አምነዋል» የሚል ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ የወላይታ ልጅ ስለነበር «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኚህ እናት የተናገሩት ስለ እምነታቸው ነው» ብሎ አስቆመው። ያን ቀን ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። እምነታቸውን መስክረው ሊታሰሩ ነበር፣ በእኔ አፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ አሮጌው ሕግ በሥራ ላይ ነበር። ተከሳሹ ከቦምቤ ገጠር የመጣ የአርባ ዓመት ገደማ ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ የነበረ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ዛፉ የጎረቤቱ ልጅ ላይ ወድቆ ገደለው። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ነበር። ክሱ በአንቀጽ 523 ነው፤ አስቦ በመግደል። በዚህ አንቀጽ የተከሰሰው፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ቀደም ሲል በድንበር ተጋጭተው ነበርና ፖሊስ ያንን ይዞ ነው።

ዳኛው ጠየቁ። እኔ ተረጎምኩ። ሰውየው ቀና አለና መናገር ጀመረ፤ «ታኒ ዎራስ» አለ። ገደልኩ ማለት ነው። «ገደልኩት። የቆረጠው እጄ ነው። ልጁ ከዝንጅብሉ ማሳ እየሮጠ ሲመጣ አላየሁትም። ዛፉ ሲያቃስት ጮህኩ፣ አልሰማኝም። ጎሜው የኔ ነው።»

እኔ ወደ ዳኛው ዞሬ፣ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ ይላል» አልኩ።

የዘለልኩት «አላየሁትም» የሚለውን ነው። ሆን ብዬ አይደለም። በጆሮዬ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ቃል ነው፤ «ጎሜው የኔ ነው»። ይህ በአማርኛ «ጥፋተኛ ነኝ» ሆኖ ታየኝ፤ የቀረው የኀዘን ማብራሪያ መሰለኝ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን፣ በ1954 ዓ.ም. በወጣው፣ ተከሳሽ ጥፋተኝነቱን ተቀበለ የሚባለው ክሱን ያለ ምንም ማወላወል ያመነ እንደሆነ ነው። «ግን» ያለበት እምነት እንደ ክህደት ይመዘገባል። እኔ የሰውየውን «ግን» በላሁት። ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት የሚያስቀጣ ክስ ላይ።

ያን ዕለት ያዳነን ያው ሕግ ነው። አንቀጽ 134 ዳኛው፣ ተከሳሹ ቢያምንም እንኳ፣ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ እንዲሰማ ይፈቅድለታል። ዳኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ በነፍስ ነገር ላይ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩና ምስክር እንዲቀርብ አዘዙ። የመጀመሪያው ምስክር የሟቹ ልጅ አባት ነበር።

አባትየው መሐላውን ፈጸመ። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ድንበሩ ጠብ ጠየቀው። «አዎ፣ ተጣልተን ነበር» አለ። «ታዲያ ልጅህን በቂም ነው የገደለው?» ሲባል ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ረጅም ተናገረ፤ እኔም ከዚያ በፊት ከነበረኝ ትዕቢት ወጥቼ ቃል በቃል መከተል ጀመርኩ። «በዚያው ቅጽበት መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ ደጄ ላይ መጣ» አለ። «ልጄን ተሸክሞት ነበር። ‹ገደልኩብህ› አለኝ። ጎሜ ያለበት ሰው ወደ ጫካ ይሮጣል። ይህ ሰው ወደ ቤቴ ነው የሮጠው። በጪማዎች ፊትም በዚያው ማታ ተናግሯል። ድብቅ ጎሜ የለበትም።»

ቆምኩ። «ጎሜ»ን ምን ልበለው? ኃጢአት? በደል? ጥፋት? ከግማሽ ሰዓት በፊት ያንኑ ቃል «ጥፋተኛ ነኝ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። አሁን «ድብቅ ጥፋት የለበትም» ብል፣ ሰውየው አንድ ጊዜ ጥፋተኛ፣ አንድ ጊዜ ጥፋት የሌለበት ሊሆን ነው። ላብ አጠመቀኝ። ወደ ዳኛው ዞሬ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህን ቃል ልተረጉመው አልችልም። ቅድም የተከሳሹንም በትክክል አልተረጎምኩም» አልኩ።

ችሎቱ ጸጥ አለ። ዳኛው አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው «ቅድም ምን ነበር ያለው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እጁን፣ ዝንጅብሉን፣ ጩኸቱን፣ አላየሁትምን። ተከሳሹ ምን እንደምናወራ ስላልገባው እኔንና ዳኛውን እያፈራረቀ ይመለከታል። ዳኛው አባትየውን «ጎሜ ምን ማለት ነው?» ብለው አስጠየቁት። አባትየው ትንሽ አሰብ አደረገና መለሰ፤ እኔም «ሰው አድርጎ የሚሸሽገው፣ በኋላም የሚበላው ነው ይላል» ብዬ አቀበልኩ። ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው በገዛ እጃቸው መዝገቡ ላይ ጻፉት። በጥቅስ ውስጥ፣ በፊደል፤ «ጎሜ»።

እኔ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በወላይትኛ ካስተማሩት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። ዘመቻው በመጀመሪያ ከተሠራባቸው አምስት ቋንቋዎች አንዱ የእኛ ነበር፤ ያኔ በፊደል ነበር የሚጻፈው። ቋንቋዬን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየሁባት ቀን ትልቅ ቀን ነበረች። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ለዚያች አንዲት ቃል በልቤ አጨበጨብኩ፤ በእጄ ያላጨበጨብኩት ችሎት ስለሆነ ነው።

ፍርዱ ከወራት በኋላ ተሰጠ። ዐቃቤ ሕግ የከሰሰበት 523 አልተረጋገጠም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቀለለ አንቀጽ ጥፋተኛ ማለትን ይፈቅዳልና፣ በአንቀጽ 526፣ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። ታስሮ የቆየበት ጊዜ ተቆጠረለት፤ ብዙም ሳይቆይ ወጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄውን በአንድ ትንፋሽ ተርጉሜው አላውቅም። ለሁለት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ «እጅህ አድርጎታል?» እላለሁ። መልሱን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፣ እስከ መጨረሻው አቀብላለሁ። ቀጥሎ «ልብህ ፈልጎት ነው? ወይስ ማየት ሲገባህ ሳታይ ነው? ወይስ ከእጅህ ውጭ ነው?» እላለሁ። አንዳንድ ዳኛ «ምን አስረዘመው?» ይላል። እኔ ግን አላሳጠርኩም። ይህ ከሥልጣኔ በላይ ነው የሚሉም ነበሩ፤ አስተርጓሚ ጠያቂ አይደለም ሲሉ ትክክል ናቸው። ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በማይገባው ቋንቋ ሲዳኝ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት ሲሰጠው፣ የሰጠው ቃል አይደለም፤ መረዳትን ነው ብዬ አምናለሁ። ያው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ተከሳሹ ግን ራሱን እንደ ጥፋተኛ ቆጥሮ ከመጣ? ያ ሰው የሚያስፈልገው ጥያቄውን ቀስ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ነው።

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል የመጽሐፉ ሽፋን ተለወጠ። አሮጌው «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር፤ አዲሱ «የወንጀል ሕግ» ሆነ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ እኔ ግን መጽሐፉ በእጄ እንደገባ ሽፋኑ ላይ ቆየሁ። ከርእሱ ሰውየው ወጥቷል፣ ቅጣቱም ወጥቷል፣ የቀረው ነገሩ ነው። በዚያው ዘመን ገደማ እስረኛው «ታራሚ» ተባለ፣ ወህኒ ቤቱም «ማረሚያ ቤት»። (ወህኒ በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት አምባ ስም ነው፤ የአንድ ተራራ ስም የአገር ሁሉ እስር ቤት ስም ሆኖ መኖሩን ስንቱ ያስታውሳል?) ስም ሲለወጥ ሰው አብሮ ይለወጣል ብዬ አልታለልም። የሶዶ ሰው ዛሬም «ወህኒ ገባ» ነው የሚለው። ያም ሆኖ ለእኔ ለአስተርጓሚው የሽፋኑ ለውጥ ትልቅ ነገር ነበር፤ «ወንጀለኛ» የሚለውን ቃል ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ከአፌ እንዳወጣ የሚያስገድደኝ መጽሐፍ ከፊቴ ተነሣ።

የዚያ የባሕር ዛፍ ሰውዬ ነገር ግን በመዝገብ አላለቀም። ከእስር በወጣበት ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ጊፋታ ሲቃረብ ቦምቤ ሄጄ ነበር። ጊፋታ የዓመት መለወጫችን ነው፤ ከበዓሉ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ደም የተፈሰሰባቸው ሁለት ቤቶች እስኪታረቁ ድረስ ከአንድ ዕቃ አይበሉም። አባቴ በሕይወት ነበር፤ ከሌሎቹ ጪማዎች ጋር እርቁን የያዘው እርሱ ነው። «አንተም ና፣ የመንግሥትን ወገን ታውቃለህ» አለኝ።

ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ሰውየው ተነሥቶ እንደገና ተናገረ፤ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ፣ «ታኒ ዎራስ» ብሎ። የልጁ አባት ራሱን ደፍቶ ሰማ። ቀጥሎ ጪማዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። አንድ በጣም ያረጁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ያ ትልቁ ፒርዳ ኬታ በመጨረሻ ምን አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በቸልተኝነት» የሚለውን በወላይትኛ በአንድ ቃል ልላቸው ሞከርኩና አልሆነልኝም። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «አስቦ አልገደለም፤ ነገር ግን ዛፉን ከመቁረጡ በፊት ማን እንደሚያልፍ ዙሪያውን ማየት ነበረበት፣ አላየም፣ በዚህ ጥፋተኛ ነው ብሏል።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ሰውየው አይተው ወደ እኔ ተመለሱ።

«እሱንማ» አሉ፣ «በዚያው ማታ ራሱ ነግሮናል።»